ከእኛ ስለተረከቡት አረንጓዴ ሮኬት

ይድረስ በከተማችን በጭሮ ለሚገኘው፣ ስሙን ብጠራው ሌላ ጥፋት ይሆንብኛል ብዬ ለተውኩት ጽሕፈት ቤት፣
ለተከበሩ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ እንደምን ሰንብተው እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ቤት ሦስቱም ከጠፉ ስለቆዩ፣ እርስዎ ዘንድ እንኳ በደኅና ካሉ አልሐምዱሊላህ ብለን እንጽናናለን።

ስሜ ሳብሪና ጃዕፈር ይባላል። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከባጃጅ ተራው ጎን፣ ከቢሮዎ መስኮት ወለል ብላ የምትታየው የፎቶ ኮፒ ሱቅ የእኔ ናት። ፎቶ ኮፒው ለስሙ ነው እንጂ እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ከቦኬ፣ ከሂርና፣ ከገለምሶ ተነሥቶ የሚመጣ ባለጉዳይ እናንተ ግቢ ከመግባቱ በፊት እኔ ዘንድ ቁጭ ይላል፤ የደረሰበትን አፋን ኦሮሞና አማርኛ እያደባለቀ ያወራልኛል፤ እኔም ስድቡን አውጥቼ፣ እንባውን ቀንሼ፣ «በታላቅ ትሕትና» ብዬ ጀምሬ «ከወዲሁ አመሰግናለሁ» ብዬ እጨርስለታለሁ። ለእናንተ እንዴት እንደሚጻፍ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም፤ እንዴት እንደሚነበብ ግን እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ስለ ወንድሜ ሁለት ማመልከቻ በአፋን ኦሮሞ አስገብቼ «መዝገብ ቤት ነው» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘሁም። ስለዚህ ይህኛውን በአማርኛ ጻፍኩት፤ መዝገብ ቤት ገብቶ እንዳይደክምም ብዬ ግልጽ ደብዳቤ አደረግሁት። አንዱ ቅጂ የሱቄ በር ላይ ተለጥፏል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናንተ ዘንድ ታስሮ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሑዘይፋ ጃዕፈር ወደ ቤቱ ይመለስ። የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ስለሆነ፣ ጊዜ ከሌለዎት እዚህ ላይ ንባቡን አቁመው ልጁን ሊለቁት ይችላሉ።

ካላቆሙ ልቀጥል። ሑዘይፋ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ተመረቀ፤ ሥራ ፍለጋ ጫማውን ጨረሰ፤ በመጨረሻ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ላፕቶፑን ይዞ ቁጭ አለና የቪዲዮ ጌም መሥራት ጀመረ። ጌም ማለት፣ ክቡር ሆይ፣ ልጆችዎ ማታ ማታ ስልክዎን ተቀብለው የሚጫወቱት፣ ሲመልሱልዎም ባትሪው አልቆ የሚያገኙበት ነገር ነው። የወንድሜ ጌም ስለ ጫት ነው። ጫት ጎሕ ሲቀድ ተቆርጦ ሳይጠወልግ ገበያ እንዲደርስ የኛ አገር ሾፌር ነፍሱን ረስቶ እንደሚነዳ እርስዎም ያውቃሉ፤ የጫት መኪና ሲመጣ የእርስዎም ሾፌር ጥግ ይይዛል። በሑዘይፋ ጌም ጫቱ የሚሄደው ጨረቃ ላይ ነው። እዚያ የሚሠሩ የኛ አገር ልጆች አሉ፤ የበርጫ ሰዓት ሳያልፍ ካልደረሰላቸው ጫቱ ይጠወልግና ተጫዋቹ ይሸነፋል። ቀልድ ነው። ጭሮ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የሚስቅበት ቀልድ ነው ብሎ ነበር ያሰበው።

ጨረቃ በኢሱዙ ስለማይደረስ ሮኬት አስፈለገ፤ ሮኬት ደግሞ ሞተር ይፈልጋል። ወንድሜን የበላው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጭራው ላይ እሳት ሥሎ ያልፍ ነበር። ሑዘይፋ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ «እንዲሁ» የሚባል ነገር አይወድም፤ ሞተሩ እንደ እውነተኛው ካልሆነ ተጫዋቹ ይሰለቻል፣ እንደ እውነተኛው ከሆነ ደግሞ ስልኩ አይችለውም፣ ለተጫዋቹም አይገባውም ብሎ ወራት ሙሉ ሲጨነቅ ከረመ። የእውነተኛ ሞተር ስሌት መዓት ነው፤ የሚነደው ጋዝ ሙቀት፣ የጭስ መውጫው አፍ ስፋት፣ የአየሩ ግፊት፣ ምኑ ቅጡ። እሱ ያን ሁሉ ቀንሶ ቀንሶ ሦስት ቁጥር ላይ አደረሰው፤ ሞተሩ ምን ያህል ይገፋል፣ በሰከንድ ምን ያህል ነዳጅ ይበላል፣ ራሱ ምን ያህል ይከብዳል። አየር ባለበትና በሌለበት ቦታ ጉልበቱ ስለሚለያይ ለዚያ አንድ ትንሽ ማስተካከያ ጨመረና በቃው።

በእነዚህ ቁጥሮች ሦስት ሞተር ሠራ። ትንሹ ጉልበተኛና ሆዳም ነው፤ ተጫዋቹ እሱን ከመረጠ ብድግ ብሎ ይነሣና ነዳጁ መንገድ ላይ ያልቅበታል። ትልቁ ቆጣቢና ዝግተኛ ነው፤ መድረሱን ይደርሳል፣ ጫቱ ግን ጠውልጎ። መካከለኛው ሁለቱንም በመጠኑ ነው። የሚፈትናቸው በእኔ ላይ ነበር። የሰው የድንበር ክርክር እየጻፍኩ መጥቶ ከጎኔ ይቆምና ስለ ነዳጅ ያወራኛል፤ ከገባኝ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ካልገባኝ «ለሳቢ ያልገባ ለማንም አይገባም» ብሎ ተመልሶ ያቀለዋል። እኔም «አቦ ተወኝ፣ ባለጉዳይ አለብኝ» እያልኩ አባርረው ነበር፤ አሁን መጥቶ ቢነዘንዘኝ ምን አለበት እላለሁ።

ለሮኬቱ መነሻ ሜዳ ያደረገው ከአሰቦት በታች ያለውን ቆላ ነው፤ ምክንያቱም ሰፊ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ከግመልና ከግራር በቀር የሚጎዳ ነገር የለበትም። በጌም ውስጥ እንኳ ሰው እንዳይጎዳ ተጠንቅቆ ነበር ማለቴ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ቤት በርጫ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ልጆቹን አጫወታቸው። አንደኛው ሮኬቱ ሲነሣ በስልኩ ቀረጸና «ጭሮ ሮኬት አስወነጨፈች» ብሎ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። አገር ሳቀ። ጽሕፈት ቤትዎ ሲደርስ ግን የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ሰዎቻችሁ በጠራራ ፀሐይ መጡ። ላፕቶፑን ወሰዱ፤ የእኔን ፕሪንተር ወሰዱ፤ የጌሙ ነዳጅ ነጭ ጋዝና ፈሳሽ ኦክስጅን እንደሆነ ስላነበቡ እናቴ ወጥ የምትሠራበትን የነጭ ጋዝ ምድጃ ከነጀሪካኑ ወሰዱ፤ ወንድሜንም ወሰዱ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ በላሟ ምክንያት የታሰረ ሰው ግን ሑዘይፋ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ለባለጉዳዮቼም ሁልጊዜ አንድ ቁጥር አንድ ነገር እያልኩ ነው የምመክራቸው።

አንደኛ፣ ጉዳዩን በስማ በለው ሳይሆን በባለሙያ ስላስመረመሩልን እናመሰግናለን። ባለሙያው ተጠርቶ ሁለት ጥያቄ ቀረበለት፤ ሒሳቡ ልክ ነው ወይ ቢባል ልክ ነው አለ፤ ላፕቶፑ ውስጥ እንዳለው የሮኬት ሥዕል ተሠርቶ ነዳጅ ቢሞላበት ይነሣል ወይ ቢባል በመርኅ ደረጃ ይነሣል አለ። ሮኬቱ አለ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ እሱም ስላልተጠየቀ አልመለሰም። ሰውየው አልዋሸምና አልወቅሰውም። ወንድሜ ያን ያህል ወር የደከመው ሒሳቡ ልክ እንዲሆን ነበር፤ ሰነፍ ሆኖ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቱ ነበር። ይህን ሱቄ ለሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ እየነገርኩ ነው፤ ትምህርቱ በከንቱ እንዳይቀር ብዬ።

ሁለተኛ፣ መፍትሔውን ራስዎ ስለጠቆሙን እናመሰግናለን። እናቴ ሹክሪያና አጎቴ ሐጂ አብዱልቃዲር ደጅ ጠንተው ሲቀርቡ «ሮኬቱን ያስረክብና ዛሬውኑ ይሂድ» አሏቸው። ሮኬት የሚባል ነገር እንደሌለ ቢነግሩዎት «የለኝም የሚል ሁሉ አለው» ብለው በትዕግሥት አስረዷቸው። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ነገሩ ሁሉ በራላቸው፤ ምክንያቱም እሳቸው ይህን ከተማ አሰበ ተፈሪ ሲባል ጀምሮ ያውቁታል። በልጅነታቸው መሣሪያ አስረክቡ ተብሎ ገጠሩ ሲታሰስ፣ ጠብመንጃ ያለው ሰው አስረክቦ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባ ነበር፤ የሌለው ሰው ግን «ደብቀሃል» ተብሎ ይታሰርና ዘመዶቹ ተሯሩጠው ጠብመንጃ ገዝተው ያስረክቡለት ነበር። የእሳቸው አባት፣ ማለትም አያቴ፣ ከጨው ሚዛን ሌላ ብረት ጨብጠው የማያውቁት ነጋዴ፣ ከእስር የወጡት ከቆላ በተገዛ ጠብመንጃ ነው። ስለዚህ ሐጂ ቤተ ዘመዱን ሰብስበው «ከመንግሥት ጋር የለኝም ተብሎ አይከራከሩም፤ እንካችሁ ብሎ መገላገል ነው» አሉ።

እኔ ነገሩ አልጣመኝም። ጠብመንጃ ገበያ አለው፣ ሮኬት ከየት ይመጣል ብዬ ተከራከርኩ። እናቴ ግን «የፈለጉት ቆርቆሮ ከሆነ ጣሪያዬን ንቀሉላቸው» አለች። የቤት በርና የውኃ ታንከር ማስቀመጫ የሚበይደው ጎረቤታችን ሙከሚል ተጠራ። ሰዎቻችሁ ሲፈትሹ ያላዩት አንድ የሮኬቱ ሥዕል ሱቄ ውስጥ ተርፎ ነበርና እሱን ሰጠነው። ሙከሚል ሥዕሉን አገላብጦ አይቶ ውስጡ ምን እንደሚገባበት ጠየቀን። ምንም አይገባበትም ስንለው ቅር አለው፤ ባዶ ዕቃ ለመንግሥት ማስረከብ ነውር መስሎት። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ ጎኑ ላይ ትንሽ በር ገጠመለት፤ መቀርቀሪያም አበጀለት። ቀለሙ ከሐጂ የግቢ በር የተረፈ አረንጓዴ ነው። ጠዋት ተቀብቶ ከሰዓት በኋላ በጫት ኢሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ሸራ ለብሶ፣ በዋናው መንገድ መጥቶ በራችሁ ላይ ወረደ።

እርስዎም ራስዎ ወጥተው ዞረው አዩት፤ በጣትዎ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ደግፎ የያዘው ዘበኛ መዳፉ አረንጓዴ ሆኖበት ሱሪው ላይ ሲጠርግ አጠገቡ ቆመው ነበር። ከዚያ በማኅተም የተደገፈ የርክክብ ወረቀት ተጻፈልን፤ ሮኬት፣ ብዛት አንድ፣ ቀለም አረንጓዴ፣ ሁኔታ አዲስ ይላል። «አዲስ» ብሎ የጻፈው የእርስዎ ጸሐፊ ነው። ወንድሜ ከታሰረ በኋላ አዲስ ሮኬት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም፤ ጥያቄ ማብዛት ሥራ ያጓትታል ብላችሁ ይሆናል። እናቴ የሑዘይፋን ንጹሕ ሸሚዝ በፌስታል ይዛ ቢሮ እስኪዘጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ ዘበኛው ነገ ነይ አላት።

ሦስተኛው ነጥብ የወንድሜን የቀኝ እጅ ጣቶች የሚመለከት ነበር። እናቴ «አትጻፊው፣ ይብሱበታል» ብላ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ግን አልሰረዝኩትም።

አራተኛ፣ በማግሥቱ ስለሰጡን ማብራሪያ እናመሰግናለን። እስከዚያ ቀን ወንድሜ ተጠርጣሪ ብቻ እንደነበር፣ አሁን ግን ቤተሰቡ ራሱ ባመጣው ማስረጃ እንደተረጋገጠበት፣ ባለሙያውም ሮኬቱን በሜትር ለክቶ ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆኖ እንዳገኘው ነገሩን። አንድ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ፤ ሙከሚል ያን ሥዕል እግሩ ሥር ዘርግቶ ነው የበየደው። ቀጥለውም በላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ሞተሮች ሦስት ስለሆኑ ሮኬቶቹም ሦስት መሆናቸውን፣ እኛ ያስረከብነው አንዱን ብቻ መሆኑን፣ የቀሩትን ሁለቱን እስክናመጣ ልጁ እንደሚቆይ በትሕትና አስታወቁን። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። ሐጂ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የአባታቸው ዘመን ሰዎች አንድ ጠብመንጃ ከተረከቡ ሁለተኛ እንደማይጠይቁ ነበር የሚያውቁት፤ ዘመን መሻሻሉን አላወቁም።

ሙከሚልም አልተረሳም። የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደሩ የሮኬቱ ፈሳሽ ኦክስጅን ነው ተብሎ ተወሰደ፤ እሱም አብሮ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ተመለሰ። አሁን መንገድ ላይ ሲያየን ይሻገራል፤ አንፈርድበትም። ሮኬቱ ግን ክብሩ ተጠብቆለታል። ግቢያችሁ ውስጥ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ ዝናብ እንዳይነካው ሸራ ለብሷል፤ ዘበኛም ተመድቦለታል። ለወንድሜ የላክነው ብርድ ልብስ ግን «አይገባም» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶልናል። ሮኬቱን ሸራ ካለበሳችሁት በዚህ ወር ጭሮ እንዴት እንደሚበርድ የምታውቁ ይመስለኛል።

አምስተኛ፣ ስለ አሰቦቱ ቁፋሮ። ይህን የሰማሁት ከመኪናው ሾፌር ነው፤ ሰው ስለሆነ ነገረኝ፣ ስሙን አልጠቅስም። ወንድሜን ወደ ግቢው አውጥታችሁ አረንጓዴውን ሮኬት አሳያችሁት፤ ከቤተሰቦችህ ዘንድ የተገኘ ነው አላችሁት፤ የቀሩት ሁለቱ የት ናቸው ብላችሁ ጠየቃችሁት። ሮኬት የሚቆምበት ቦታ እሱ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ያው የጌሙ መነሻ ሜዳ። «ከአሰቦት በታች ባለው ሜዳ ነው» አላችሁ። ያለ ነዳጅ ትእዛዝ የማትንቀሳቀሰው የመሥሪያ ቤታችሁ መኪና በዚያው ቀን ተነሥታ፣ አካፋና ዶማ ተጭኖ፣ ሰው በዚያ ሐሩር ላይ ሲቆፍር ዋለ። የተገኘው የግመል አጥንት ነው አሉ። እንግዲህ ሮኬት ካልተገኘ አንድ ሰው አሽሽቶታል ማለት ነው፣ ያሸሸ ካለ ደግሞ ግብረ አበር አለ ማለት ነው ተብሎ አዲስ ክስ እየተዘጋጀ መሆኑን ሰምተናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል የኛ ሰዎች።

ስድስተኛ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይህ በቁጥር የሚገባ አይደለም። ባለፈው ጁምዓ እኔና እናቴ ልናየው ተፈቀደልን። በአጥሩ ወዲያና ወዲህ ቆምን፤ ዘበኛው መካከላችን ነበር። ሑዘይፋ ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር የቆመው። እናቴ ብላ ብላ ስትለው አንገቱን ይነቀንቃል። ስለ ጌሙ ይጠይቀኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ላፕቶፑን መለሱልሽ ወይ ይለኛል ብዬ መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ቃል አላነሣም። እናቴ ምግቡን ልታስፈትሽ ዞር ስትል ወደ አጥሩ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሳቢ፣ ምናልባት ሠርቼው ረስቼው ይሆን እንዴ» አለኝ።

እኔም አንተ የሠራኸው ጌም ነው፣ ሌላ ምንም አልሠራህም አልኩት። እሱም «ግን እኮ ተገኝቷል፣ በዓይኔ አየሁት፣ ልኩ ሁሉ የኔው ነው» አለኝ። ያስረከብነው እኛ ነን፣ ሙከሚል ነው የበየደው፣ ቀለሙ የሐጂ በር ነው ልለው አፌን ስከፍት ዘበኛው ስለ ጉዳዩ መነጋገር ክልክል ነው አለና ሰዓቱ ማለቁን ነገረን። ወንድሜን ይዘውት ገቡ። እሱ እስከ አሁን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ አንድ ሮኬት ተገኝቷል፣ ከእናቱ ቤት ነው የተገኘው፣ ልኩ የእሱ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻ ስጽፍ ስሜት አላስገባም፤ ደንቤ ነው። ዛሬ ግን አልደብቅዎትም፤ እዚያ አጥር ሥር ቆሜ ነው የጠላሁዎት። ልጁን አሰራችሁት፣ እሺ፤ ብዙ ሰው ይታሰራል። ምድጃችንን ወሰዳችሁ፣ በከሰል እንሠራለን። እጁን ምን እንዳደረጋችሁት እናቴ አትጻፊ ብላኛለች። ነገር ግን ሒሳቡ ካልጠራ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ፣ የሠራውንና ያልሠራውን መለየት አቅቶት እኔን ሲጠይቀኝ፣ ያን ጊዜ ምን እንደወሰዳችሁብን ገባኝ። ይህን የምትመልሱበት የርክክብ ወረቀት ያላችሁ አይመስለኝም።

ሐጂ አሁንም ተስፋ አልቆረጡም። ሌላ በያጅ ከገለምሶ አፈላልገን ሁለቱን እናሠራ፣ ቁጥሩ ከሞላ ይለቁታል እያሉ ነው። እናቴም ልትስማማ ምንም አልቀራት። እኔ ብቻዬን አይሆንም ብያለሁ። ለዚህም ነው ይህን ደብዳቤ በሁለቱ ሮኬቶች ፋንታ የምልክልዎ፤ እንደ እነሱ ያማረ ባይሆንም በውስጡ ያለው ነገር እውነት ነው።

ሌላ ጊዜ ከወዲሁ ማመስገን ልማዴ ነበር። ለዛሬ ምስጋናዬን ይዤ ልቆይና ሑዘይፋ ከበራችሁ ሲወጣ በእጄ አቀርብልዎታለሁ። እስከዚያው ድረስ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ከዛፉ ሥር ለቆመው ሮኬትና ለዘበኛው አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ረጅም ያልኩት ነገሩን በሙሉ እንዲያስታውሱት ብዬ ነው።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፤
የማመልከቻ ጸሐፊ፣ የእስረኛ እኅት፣ ከመስኮትዎ ፊት ለፊት ያለች ጎረቤትዎ፣
ሳብሪና ጃዕፈር
ጭሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልለጥፍ ስል እናቴ ከእናንተ ዘንድ ሰው ላከችብኝ። ቁርሱን ይዛ ሄዳ «እዚህ የለም፣ ተዛውሯል» ተብላለች። ወዴት ብላ ብትጠይቅ የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ክቡር ሆይ፣ የሌለ ሮኬት አምጡ ስትሉን ሠርተን አምጥተናል፤ እኛ ደግሞ ያለ ልጅ ነው የምንጠይቃችሁ። እናቴ ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በራችሁ ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሳታየው እንደማትነሣም ነግራኛለች። እባክዎ ከእኛ ተምረው ሌላ ልጅ አሠርተው እንዳይሰጧት፤ የራሷን ታውቀዋለች።